ዓማን ወይስ ዑማን? ስለ ዓረቡ ዓለም የሚጻፍ አማርኛ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

የየመንን ጦርነት የሚመለከት ዘገባ ለአርትዖት ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት አንድ ስም አለ። የዮርዳኖስ ዋና ከተማ ዓማን እና እኛ ኦማን የምንላት አገር፣ ዑማን፣ በዓረብኛ ሲጻፉ ፊደላቸው አንድ ነው፦ ዓይን፣ ሚም፣ አሊፍ፣ ኑን። የሚለያቸው ከፊደሎቹ በላይ የሚደረጉ ጥቃቅን ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ጋዜጣ ብዙ ጊዜ አይጽፋቸውም። ዓረብ አንባቢ ከዐውዱ ይለያል። በየመን ጉዳይ ግን ዐውዱ ራሱ ያሳስታል። የተባበሩት መንግሥታት የየመን ልዩ መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት ያለው ዓማን ነው፤ የእስረኞች ልውውጥ ንግግርም እዚያ ተደርጓል። የሁቲዎቹ ተደራዳሪዎች የተቀመጡት ደግሞ በዑማን ዋና ከተማ በሙስካት ነው፤ በሽምግልናውም ዑማን ዋና እጅ አላት። «ልዑካኑ ወደ ዓማን አቀኑ» ቢባልም «ወደ ዑማን አቀኑ» ቢባልም ዓረፍተ ነገሩ ያስኬዳል። ስለዚህ የፊደል ግድፈት የሚለቅም ዓይን ስሕተቱን አያየውም።

ስለ ዓረቡ ዓለም በአማርኛ የሚታተመው መጽሐፍና ዘገባ አብዛኛው በእንግሊዝኛ በኩል የሚመጣ ነው። አንድ ሰው በዓረብኛ የተናገረው ለንደን ወይም ኒውዮርክ ደርሶ ይመለስና አዲስ አበባ ይገባል። አሁን ደግሞ ሁለቱንም ጉዞ ማሽን በሰከንድ ይጨርሰዋል፤ የሚያወጣው አማርኛ ከቀድሞው የለሰለሰ በመሆኑ ስሕተቱ እንደ በፊቱ ዓይን አይወጋም። አርታኢው ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር እንግሊዝኛውን አልፎ ዓረብኛው ዘንድ መድረስ ነው። ለዚህ ደግሞ የአማርኛ አርታኢ ከእንግሊዝኛው አርታኢ የተሻለ መሣሪያ በእጁ አለ። ችግሩ አለመጠቀሙ ነው።

መሣሪያው ፊደሉ ነው። ዓረብኛ የሚለያያቸውን ሦስት ድምፆች እንግሊዝኛ በአንድ «ኤች» ሊጽፋቸው ይችላል፤ እኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ (ወይም ኸ) አለን። ዓይንን እንግሊዝኛ በጭረት ይጠቁማታል ወይም ጭራሽ ይተዋታል፤ እኛ ዐ አለችን። ጠ፣ ጸ፣ ቀም እንዲሁ። የየመን ዋና ከተማ በዓረብኛ ጸንዓ ናት፤ ኳታርም ቀጠር። በአነጋገራችን ሀ እና ሐ አንድ ሆነው ቢቀሩም ጽሑፉ ልዩነቱን ጠብቆ አቆይቷል፤ ይህንን መጣል ያለንን በነፃ መስጠት ነው።

ይህ ማለት ግን ኳታርን ተነሥተን ቀጠር እንበላት ማለት አይደለም። ስም ሁለት ዓይነት ነው። ኳታር፣ ካይሮ፣ ደማስቆ፣ ግብጽ በአንባቢው አፍ የረጉ ናቸው፤ አይነኩም። ያልረጋ ስም፣ ማለትም አዲስ ሚኒስትር፣ ትንሽ ወረዳ፣ የማናውቀው የሚሊሻ አዛዥ፣ ከዓረብኛው ይጻፋል። የአሠራሩ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። አርትዖቱ ከመጀመሩ በፊት በረቂቁ ያሉት ስሞች ሁሉ ባለ አራት ዓምድ ሠንጠረዥ ላይ ይወጣሉ፦ ረቂቁ እንደጻፈው፣ የእንግሊዝኛው ወይም የፈረንሳይኛው አጻጻፍ፣ የዓረብኛው ፊደል፣ የተወሰነው የአማርኛ አጻጻፍ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ስም ሁሉ አልተጣራም ማለት ነው። አርትዖቱ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው ዓምድ ያሉት በፍለጋ አንድ በአንድ ይለወጣሉ። «ሁሉንም ለውጥ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ግን አደገኛ ነው፤ ዓሊን ስታርም «ዓሊያ»ን ታበላሻለህ።

ፈረንሳይኛ ያለፈበት የሰሜን አፍሪካ ስም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1992 አልጄሪያን የመሩት ፕሬዚዳንት ስም በፈረንሳይኛ ፊደል ሲታይ «ቻድሊ» ይመስላል፤ ሰውየው ግን ሻዝሊ ናቸው። የሞሮኮዋ ከተማ ወጅዳ ናት እንጂ «ኦውጅዳ» አይደለችም። ግብጽ ላይ ደግሞ «ጀ» በካይሮ አነጋገር «ገ» ስለሚሆን ጀማል ጋማል ይባላል፤ የባለቤቱን አጠራር መከተል ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1953 የግብጽ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ነጊብ በላቲን ሲጻፉ በመካከል የምትገባው «ዩ» ገ ወደ ጀ እንዳይለሰልስ የተሰካች የፈረንሳይኛ ልማድ ናት፤ አትነበብም። «ናጉዊብ» የሚል አማርኛ ከዚያ የመጣ ነው።

ስምን ማሳጠር ላይ ለኛ ማስረዳት ሊቸግር አይገባም ነበር። ዐብድ ማለት ባሪያ፣ አገልጋይ ነው፤ የኛው «ገብረ» ማለት ነው። ዐብዱረሕማንን በሁለተኛው አንቀጽ «ራሕማን» ብሎ መጥራት ገብረ ሥላሴን «ሥላሴ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። እንግሊዝኛው በቤተሰብ ስም መጥራት ስለለመደ ይቆርጠዋል፤ እኛ እሱን ተከትለን የምንቆርጥበት ምክንያት የለም። ሌላው «አል» ነው። አንደኛው የስም ማመልከቻ ነው (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ»)፣ ከስሙ ጋር የሚጣበቅ፤ ሁለተኛው ረዘም ብሎ የሚነበበው «ኣል» ደግሞ «ቤተሰብ፣ ወገን» ማለት ነው። ኣል ሰዑድ፣ ኣል ነህያን፣ ኣል ሣኒ የሚባሉት የገዢ ቤተሰቦች ሁለተኛው ናቸው። ላቲኑ ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል፤ አማርኛ በአ እና በኣ መለየት ይችላል።

ዝምድናው ግን ባለ ሁለት ስለት ነው። ዓረብኛና አማርኛ ከአንድ የሴም ግንድ ስለሆኑ ቃሉ የታወቀ ይመስልና ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። ዓረብኛ ቀመስ የሆነ ተርጓሚ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሒዝብ በዓረብኛ ፓርቲ፣ ወገን ነው፤ ስለዚህ ሒዝቡላህ «የአላህ ወገን» እንጂ «የአላህ ሕዝብ» አይደለም። መዲና በዓረብኛ ማንኛውም ከተማ ነው፤ እኛ ዘንድ ዋና ከተማ ሆኗል። «መዲነት ተዒዝ» የሚለው «የተዒዝ መዲና» ተብሎ ሲወጣ አንባቢው ተዒዝን የሆነ ክልል ርእሰ ከተማ አድርጎ ይረዳል፤ ዓረብኛው ያለው ግን «ተዒዝ ከተማ» ብቻ ነው። ስለ ግብጽ ኢኮኖሚ በሚጻፍ ዘገባ ደግሞ «ሰነዳት» ቦንድ ነው፤ የእኛ የግምጃ ቤት ሰነድ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ የአጭር ጊዜ ብድር ሲሆን ግብጾች እሱን «ኡዙን» ይሉታል። ሁለቱ ከተቀያየሩ የአሥር ዓመት ዕዳ የዘጠና ቀን ዕዳ ሆኖ ይታተማል።

«ኒዛም»ም ብዙ ያደናግራል። በ2011 እ.ኤ.አ. ቱኒዝና ካይሮ አደባባይ ላይ የተዘመረው መፈክር ሕዝቡ የሚሻው የኒዛሙን መውደቅ ነው የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ በኩል ሲመጣ «አገዛዝ» ይሆናል፤ «ሥርዓት» ግን ይበልጥ ይቀርበዋል፣ የዓረብኛው ቃል እንደኛው ሁሉ ወቀሳም ገለልተኝነትም ስለሚሸከም። ሳዑዲ ስንደርስ ግን ኒዛም ሕግ ነው። እዚያ «ቃኑን»ን፣ ሌሎቹ ዓረቦች ሕግ የሚሉበትን ቃል፣ ለመንግሥት ሕግ አይጠቀሙበትም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአገዛዙ መሠረታዊ ሕግም ስያሜው ኒዛም ነው። «ኒዛም አል-ዐመል»ን «የሥራ ሥርዓት» ያለ ተርጓሚ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ሰውሮታል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስላሉ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የሚጻፉት ዘገባዎች ትልቁን ጥንቃቄ የሚፈልጉ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚያነቧቸው እዚያ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ለቪዛው ዋስ የሚሆነው አሠሪ በዓረብኛ «ከፊል» ነው። «ያለ ከፊል ፈቃድ መውጣት አይቻልም» ተብሎ ከታተመ አማርኛ አንባቢ «በከፊል» ብሎ ያነበዋል። ሠራተኞቹ ራሳቸው «ካፊል» ብለው አስረዝመው ይጠሩታልና እሱን መያዝ፣ መጀመሪያ ሲመጣም «ዋስ የሆነው አሠሪ» ብሎ መግለጽ ይበቃል። ኢቃማን (የመኖሪያ ፈቃድ) እና መክተብን (የኤጀንሲው ቢሮ) ሁሉም ያውቃቸዋል፤ በሌላ ቃል መተካት ትርፍ የለውም።

ከዚህ የሚከብደው «ሁሩብ» ነው። ቃሉ መሸሽ ማለት ነው። በሳዑዲ አሠራር ግን ሁሩብ አሠሪው ለመንግሥት የሚያስመዘግበው ክስ ነው። አንዲት ሠራተኛ ሁሩብ ሆና መመዝገቧ አሠሪዋ «ጠፍታብኛለች» እንዳለ እንጂ እሷ መሸሿን አያሳይም፤ ደመወዝ ጠይቃ የተባረረች፣ ወይም ኢቃማዋ ያልታደሰላት ልትሆን ትችላለች። «ከአሠሪዋ ሸሽታ ተያዘች» የሚል አማርኛ የአንዱን ወገን ክስ እንደ እውነት አድርጎ ያትማል። ትክክለኛው «አሠሪዋ ጠፍታለች ብሎ ያስመዘገባት» ነው። ቃል ይጨምራል፤ ይጨምር።

የሕግ ለውጥን የሚያበስሩ ርእሶችም እንዲሁ ናቸው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2021 ሥራ ላይ ያዋለችው ማሻሻያ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይርና ከአገር እንዲወጣ የሚፈቅድ ነበር፤ የቤት ሠራተኞችን ግን አላካተተም። «ሳዑዲ ካፋላን (የካፊልን ሥርዓት) ሰረዘች» የሚለው ርእስ በቤት ሠራተኝነት ለሄዱት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ባዶ ነው። ኳታር በዚያው ወር ያስጀመረችው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ደግሞ የቤት ሠራተኞችንም ይጨምራል፦ 1,000 ሪያል ደመወዝ፤ አሠሪው ማደሪያና ምግብ ካላቀረበ 500 እና 300 ይጨመራል። ሦስቱን ደምሮ «ዝቅተኛው ደመወዝ 1,800 ሪያል ሆነ» ማለት አሠሪ ቤት ለምታድርና ለምትበላ ሴት የሌለ ገንዘብ መንገር ነው።

ገንዘብ ላይ ሳለን፣ የኩዌት ዲናር የሚከፈለው በ100 ሳይሆን በ1,000 ፊልስ ነው። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሐዝ ይጻፋል፤ 120.000 ዲናር መቶ ሃያ ዲናር ነው። ነጥቡን ሺህ መለያ መስሎት ኮማ ያደረገ አራሚ ደመወዙን መቶ ሃያ ሺህ አደረሰው ማለት ነው። ባህሬንና ዮርዳኖስም በሦስት አሐዝ ይጽፋሉ። ምንዛሬ ሲቀየር ደግሞ ሪያሉ የየት አገር እንደሆነ፣ ቀኑም መቼ እንደሆነ ይታይ። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ ስለቆየ አያስቸግርም፤ የየመን ሪያል ግን በዓደንና በጸንዓ ሁለት የተለያየ ዋጋ አለው፤ «በየመን ሪያል» ብቻ ብሎ ወደ ዶላር የቀየረ ሠንጠረዥ የትኛውን እንደተጠቀመ ካልተናገረ ዋጋ የለውም።

የዓረብኛ አሐዝ በግብጽና በምሥራቁ ሲጻፍ አምስት ቁጥር ክብ ነው፣ ዜሮ ይመስላል፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ነው፤ ስድስት የኛን 7 ይመስላል። ስካን ከተደረገ ሰነድ ቁጥር የሚገለብጥ ሰው እነዚህን ሦስቱን ሁለት ጊዜ ማየት አለበት። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ በኮምፒውተር ሲገለበጥ «2011–2015» የነበረው «2015–2011» ሆኖ ይወጣል። ቅንፍም ይገለበጣል።

ቀን ከቁጥርም ይብሳል፤ ሦስት ዘመን አቆጣጠር ስለሚገናኝ። የሂጅራ (የእስልምና) ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው። በግምት የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዝቶ 622 መደመር የጎርጎርዮሱን ይሰጣል፤ ግን ለአርትዖት ግምት አይበቃም። 1446 ሂጅራ በሳዑዲ አቆጣጠር የጀመረው በእኛ ሰኔ 30 ቀን 2016 ሲሆን ያለቀው ሰኔ 18 ቀን 2017 ነው። «በ1446» የሚል ሰነድ ወሩ ሳይታወቅ ወደ አንድ የኢትዮጵያ ዓመት መለወጥ አይቻልም። በሂጅራ የተቆጠረ የ10 ዓመት እስራትም በፀሐይ አቆጣጠር 9 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ነው፤ በሂጅራ 18 ዓመት የሞላው ወጣት በጎርጎርዮሱ ገና 17 ዓመት ከመንፈቅ ግድም ነው፤ ስለ ሞት ፍርድ በሚጻፍ ዘገባ ላይ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የሶርያ፣ የሊባኖስና የኢራቅ ጋዜጦች የወር ስማቸው የጥንቱ የሱርስት ቋንቋ ነው። እዚያ «ካኑን ቀዳማይ» ታኅሣሥ አካባቢ ያለው ዲሴምበር፣ «ካኑን ዳግማይ» ደግሞ ጃንዋሪ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛው ካኑን ከመጀመሪያው በአሥራ አንድ ወር ይቀድማል ማለት ነው። ይህን ያላወቀ አርታኢ የክስተቶችን ቅደም ተከተል «አስተካክላለሁ» ብሎ ይገለብጠዋል። በጋዳፊ ዘመን የሊቢያ ሰነዶች ላይ ደግሞ ጁላይ «ናስር»፣ ኦገስት «ሃኒባል» ይባል ነበር፤ የሰው ስም መስሎት ስም ማውጫ ውስጥ ያስገባ ቢኖር አይፈረድበትም።

የዓባይ ጉዳይ ለኛ አንባቢ ቅርብ ስለሆነ ስሕተቱ በፍጥነት ይዛመታል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1959 በግብጽና በሱዳን መካከል የተፈረመው ስምምነት «የተገኙ መብቶች» የሚለው ለግብጽ 48፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። 55.5 እና 18.5 የሚባሉት ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ ጋር የተከፋፈሉት ድርሻ ነው። የዓረብኛ ጋዜጣ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «ሒሰት ሚስር»፣ የግብጽ ድርሻ፣ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመጣ «የግብጽ ታሪካዊ መብት» ከሆነ ተርጓሚው ከካይሮ ጋዜጠኛ በላይ ለካይሮ ተከራከረ ማለት ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። ስምምነቱ የወንዙን ዓመታዊ ፍሰት አስዋን ላይ 84 ቢሊዮን አድርጎ 10 ቢሊዮኑን ለትነት ይተወዋል፤ የሚከፋፈለው 74 ነው። የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ የሚይዘውም 74 ቢሊዮን ነው። አንዱ በየዓመቱ የሚፈስ፣ ሌላው የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ቁጥሩ መግጠሙ አጋጣሚ እንጂ ሌላ አይደለም። ሁለቱን አንድ አንቀጽ ውስጥ የሚያስቀምጥ ረቂቅ መለየት አለበት። የእርሻ ስፋትም በፈዳን ሲመጣ 4,200 ሜትር ካሬ መሆኑ ይታወስ፤ የሱዳኑ የገዚራ መስኖ ከ2 ሚሊዮን ፈዳን በላይ ነው፣ ሄክታር ቢባል ከእጥፍ በላይ ይሰፋል።

ስምምነትና ውሳኔ ሲተረጎም አንድ ፊደል ፖለቲካ ይሆናል። የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1967 ያወጣው ውሳኔ 242 እስራኤል በጦርነቱ ከያዘችው መሬት ትውጣ ሲል የእንግሊዝኛው ቅጂ የተወሰነ ማመልከቻ («ዘ») የለውም፤ የፈረንሳይኛው ግን የተወሰነ ሆኖ ይነበባል። ከሁሉም ግዛት ወይስ ከአንዳንዱ የሚለው ክርክር ከዚህ ነው የሚመዘዘው። አማርኛ ላይ ክርክሩ «ት» ላይ ያርፋል፦ «ከተያዙ ግዛቶች» ወይስ «ከተያዙት ግዛቶች»። ተርጓሚው ሳያስበው ለጆሮው የሚቀናውን «ከተያዙት» ይጽፋል፤ በዚያም ወገን ይዟል። እዚህ ላይ የዓረብኛውን ቅጂ መመልከትም አይፈታውም፤ ዓረብኛ የተባበሩት መንግሥታት ይፋ ቋንቋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የሚሻለው «ከተያዙ ግዛቶች» ብሎ የእንግሊዝኛውን ጠብቆ ልዩነቱን በግርጌ ማስታወሻ መናገር ነው።

የታወቀ ድርጅት ማኅተም ያለበት ቁጥርም ከፍተሻ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የዓረብ የሰብአዊ ልማት ሪፖርት ዓረቦች ከዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተረጎሙት መጽሐፍ 100,000 ያህል ነው፣ ስፔን በአንድ ዓመት ከምትተረጉመው ጋር ይቀራረባል ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በየጋዜጣው 10,000 ሆኖም ዞሯል። እስኪ በእርሳስ ይሠራ፦ በዓመት 100,000 ትርጉም ማለት በዓልም እሑድም ሳይቀር በቀን 274 መጽሐፍ ነው። የትኛው አገር ነው ይህን የሚተረጉም? ቁጥሩ በአሥር እጥፍ እየተለዋወጠ ሲዞር መደምደሚያው ግን ቃል በቃል አንድ ሆኖ መቆየቱ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚሁ ጋር «የዓረብ ዓለም» የተባለው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። የዓረብ ሊግ 22 አባላት አሉት፤ ሶማሊያ፣ ጅቡቲ፣ ሱዳን፣ ሞሪታንያና ኮሞሮስ በውስጡ ናቸው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 «መካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ» ይለው የነበረው ምድብ ግን ኢራንን ይዞ ሱዳንንና ሶማሊያን ይተው ነበር። የአንዱን ሠንጠረዥ በሌላው ርእስ ማተም በየጊዜው የሚታይ ጉድለት ነው።

የባሕረ ሰላጤውን ስም (የፋርስ ወይስ የዓረብ) በተመለከተ የተባበሩት መንግሥታት የፋርስ ይላል፤ ዓረቦች የዓረብ ይላሉ። ጥቅስ ውስጥ ተናጋሪው ያለው ይቀመጣል፤ ከጥቅስ ውጭ አንዱ ተመርጦ እስከ መጨረሻው ይያዛል። «ሸሂድ»ም ተመሳሳይ ነው፦ ጥቅስ ውስጥ ከሆነ ሰማዕት ይባል፣ በጸሐፊው አንደበት ከሆነ የተገደለ ሰው።

ይህን ሁሉ የሚያጣራ ሰው ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ዓረብኛ የሚያነብ በአገሩ ሞልቷል። በወሎ እነ ዳናና ገታ ለትውልዶች ዓረብኛ ያስተማሩ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ናቸው፤ ሐረርና ጅማም እንዲሁ። አሳታሚዎች ግን ለሃይማኖት መጽሐፍ ካልሆነ አይጠሯቸውም። በእርግጥ የኪታብ ዓረብኛ የጋዜጣ ዓረብኛ አይደለም፤ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) የተማረ ሰው «ሰነዳት» ሲያይ የሐዲስ ሰነድ (የነቢዩን ንግግር ያስተላለፉ ሰዎች ሰንሰለት) ሊመስለው ይችላል። ከጅዳ ወይም ከቤሩት የተመለሰች ሴት ደግሞ ፊደሉን ላታነብ ትችላለች፤ ሁሩብ ምን እንደሆነ ግን ከየትኛውም መዝገበ ቃላት በተሻለ ታውቃለች። አንድ የ200 ገጽ ረቂቅ ለሁለቱም ዓይነት ሰው ቢታይ የሚጠይቀው የጥቂት ቀን ክፍያ ነው። ሙሉው ረቂቅ መላክም የለበትም፤ የስሞቹ ሠንጠረዥ፣ ጥቅሶቹ ከነምንጫቸው፣ ቁጥርና ቀን ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ተለይተው ቢሰጡ ይበቃል።